ጀማሪ በማን ቁስል ይማር?

ዓረቦች «በየቲም ራስ ላይ መላጨት ይማሩበታል» የሚሉት አባባል አላቸው። አባባሉ አጭር ነው፤ የተሸከመው ነገር ግን ከባድ ነው። ጀማሪ ፀጉር ቆራጭ ምላጩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሣ የማንን ራስ ይመርጣል? የሹሙን ልጅ አይነካም፤ አባት አለውና። የጎረቤቱንም ልጅ አይደፍርም፤ ቢያደማው እናቱ ነገ ጠዋት ደጁ ላይ ትቆማለች። ስለዚህ «ማን አደማህ?» ብሎ የሚጠይቅለት የሌለውን ልጅ ይጠራል። ልጁም ያለ ገንዘብ ስለተላጨ አመስግኖ ይሄዳል።

መቼም ጀማሪ የሌለው ሙያ የለም፤ የማይሳሳት ጀማሪም የለም። ልብስ ሰፊ ሲጀምር ጨርቅ ያበላሻል፤ አናጢ እንጨት ያበላሻል። ጨርቁም ሆነ እንጨቱ ግን አይጮኹም። ሰውን የሚጠግን ባለሙያ ሲጀምር የሚያበላሸው ምንድን ነው? ሐኪሙስ ቢሆን አስከሬን አለው፣ አሻንጉሊት አለው፣ እጁን የሚያፍታታበት ነገር አያጣም። ቁስሉ ከውጭ የማይታየውን፣ የሰውን መንፈስ የሚጠግነው ባለሙያ ግን የሚለማመድበት ሌላ ነገር የለውም። የሚማረው በሕያው ሰው ሐዘን ነው። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል። በማን ሐዘን ይማር?

ይህን ጥያቄ በጥቅሉ ከመወርወር አንድ በውል የሚታወቅ ሥርዓት ይዘን ብንመረምረው ይሻላል። የምመርጠው በአሜሪካ የሶሻል ወርክ ማስትሬት ተማሪዎች ሳይኮቴራፒን የሚለማመዱበትን ሥርዓት ነው። (ከዚህ በታች የማነሣው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

* * *

ሶሻል ወርክ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ቤት ለቤት እየዞረ ቅጽ የሚሞላ፣ የእርዳታ እህል የሚያድል ሠራተኛ ነው። በአሜሪካ ይህ የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። በዚያ አገር በጭንቀት፣ በሐዘን፣ በሱስ ወይም በትዳር ችግር ተይዞ ወደ ምክር ክፍል የሚገባ ሰው ከፊቱ ተቀምጦ የሚያገኘው ባለሙያ ብዙ ጊዜ የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ዶክተር አይደለም፤ የሶሻል ወርክ ባለሙያ ነው።

ይህን ባለሙያ የሚያወጣው ትምህርት በመደበኛው መንገድ ሁለት ዓመት ይፈጃል። በ1952 የተቋቋመውና የትምህርት ቤቶቹን ብቃት የሚመዝነው የአሜሪካ የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት አንድ የማስትሬት ተማሪ ቢያንስ 900 ሰዓት በመስክ ልምምድ እንዲያሳልፍ ያዛል። በ2008 ባወጣው መመዘኛ ደግሞ የመስክ ልምምድ የሙያው ዋነኛ መለያ የሆነ የማስተማሪያ ዘዴ ነው ብሎ ደንግጓል። በሌላ አነጋገር፣ ሙያው የሚተላለፈው ከጥቁር ሰሌዳ ይልቅ ከባለጉዳይ ፊት ነው ማለት ነው።

ተማሪው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን በአንድ ክሊኒክ፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት ወይም የቤተሰብ አገልግሎት ድርጅት ይመደባል። የእኛ ተማሪዎች «አፓረንት መውጣት» የሚሉት ዓይነት ነው። የቴክኒክ ተማሪ አፓረንት ሲወጣ ግን ከማሽን ጎን ይቆማል። ይኼኛው ተማሪ በር ተዘግቶ ከሰው ፊት ይቀመጣል፤ ያውም ትምህርቱን በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ። ሃያ አራት ወይም ሃያ አምስት ዓመቱ ሊሆን ይችላል። ከፊቱ ያለው ሰው ልጁን የቀበረ፣ ባሏ የሚደበድባት፣ ወይም ከጦርነት ተመልሶ እንቅልፍ ያጣ ነው።

ተማሪው ብቻውን አይተውም። ከውይይቱ በኋላ «እሷ ይህን አለች፣ እኔ ይህን መለስኩ፣ በዚያን ጊዜ የተሰማኝ ይህ ነው» እያለ ከሞላ ጎደል ቃል በቃል ይጽፋል። ጽሑፉን በየሳምንቱ ነባር ባለሙያ ያነብለታል። «እዚህ ላይ ለምን ወሬ ቀየርክ? ዝምታው ያስፈራው አንተን ነው ወይስ እሷን?» ይለዋል። በጎ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ የነባሩ ምክር የሚደርሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። በዚያች ቅጽበት፣ ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ «ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ» ስትል፣ በክፍሉ ውስጥ ያለው ጀማሪው ብቻ ነው።

* * *

ይህ ሙያ ገና ሲወለድ ጀምሮ እንዲህ ነበር። እንዲያውም የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ የመጀመሪያዋ አስተማሪ ነበረች ማለት ይቻላል።

በ1880 በቪየና ከተማ ዮሴፍ ብሮየር የተባለ ሐኪም አንዲት የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ማከም ጀመረ። ወጣቷ አባቷን ስታስታምም ቆይታ እጅና እግሯ አልታዘዝ ብሏት ነበር። የገዛ ቋንቋዋን ጀርመንኛን ረስታ በእንግሊዝኛ ብቻ የምትናገርበት ጊዜም መጣ። ብሮየር የሚያውቀው መድኃኒት አልሠራም። ወጣቷ ግን በልቧ ያለውን እያወጣች ስትናገር ሕመሙ ለጊዜው ቀለል እንደሚል ሁለቱም አስተዋሉ። ለነገሩ ስም ያወጣችለት ሐኪሙ አይደለም፣ እሷ ናት። «የንግግር ፈውስ» አለችው። ስትቀልድ ደግሞ «ጭስ ማውጫ መጥረግ» ትለው ነበር። ብሮየርና ፍሮይድ በ1895 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ «አና ኦ.» በሚል የተሸሸገ ስም ገባች፤ ሳይኮቴራፒ የሚባለው ነገር ሁሉ የዘር ሐረጉን ወደ እሷ ይቆጥራል።

መጽሐፉ ሕክምናው በመልካም እንደተፈጸመ ቢያስነብብም፣ ወጣቷ ብሮየር ሕክምናውን ባበቃበት በ1882 ዓመት ስዊዘርላንድ ውስጥ ወዳለ የሕሙማን ማረፊያ ገብታለች፤ ከበሽታዋ የወጣችው ቆይታ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን እናወራርድ። ሐኪሙ ዝና አገኘ፤ የእሱ ወዳጅ ፍሮይድ አዲስ ትምህርት መሠረተ፤ ዓለምም አዲስ ሙያ አገኘች። እሷስ ምን አገኘች? ጀማሪ የተማረባት ሰው ድርሻ ምንድን ነው?

ስሟ ቤርታ ፓፕንሃይም እንደነበረ ለሕዝብ የተገለጠው ከሞተች ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1953 ነው። በመካከሉ የሠራችው ሥራ ግን ከታካሚነቷ ጋር አይነጻጸርም። በፍራንክፈርት የሙት ልጆች ማሳደጊያ መርታለች። በ1904 የጀርመን አይሁድ ሴቶችን ማኅበር መሥርታለች። ለዝሙት ንግድ የሚሸጡ ልጃገረዶችን ለማዳን አገር ለአገር ዞራለች። በ1954 የምዕራብ ጀርመን ፖስታ ቤት ከሰው ልጆች ረዳቶች አንዷ አድርጎ በቴምብር ላይ አተማት። የንግግር ፈውስ የመጀመሪያዋ ታካሚ በአገሯ ከሶሻል ወርክ ፈር ቀዳጆች አንዷ ሆነች ማለት ነው። እኔ በሁለቱ ሙያዎች ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ የመጣውም ታሪክ ያንኑ መንገድ ይከተላል። ፍሮይድ በ1918 በቡዳፔስት ባደረገው ንግግር፣ ድኻ ለአካሉ ቀዶ ሕክምና እንደሚገባው ሁሉ ለመንፈሱም እርዳታ እንደሚገባው ተናገረ። በ1920 ማክስ አይቲንጎንና ኤርንስት ዚመል በበርሊን ክሊኒክ ከፈቱ። ያለው የአቅሙን ይከፍላል፤ የሌለው በነጻ ይታከማል። የበርሊኑ ክሊኒክ ግን የድኾች መታከሚያ ብቻ አልነበረም፤ አዳዲስ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበትም ቦታ ነበር። ምጽዋትና ትምህርት ቤት በአንድ ጣራ ሥር ገቡ ማለት ነው። በአሜሪካም ስሚዝ ኮሌጅ በ1918፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት አእምሯቸው ቆስሎ የሚመለሱ ወታደሮችን የሚረዱ ሴቶች ለማሠልጠን ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ በጋውን በክፍል፣ ክረምቱን ከበሽተኞች ዘንድ የሚያሳልፉበትን ሥርዓት ዘረጋ። በ1963 ኬኔዲ በየአካባቢው የአእምሮ ጤና ማእከል እንዲቋቋም የሚያዘውን ሕግ ከፈረሙ በኋላ ደግሞ በየሰፈሩ የተከፈቱት ክሊኒኮች ከጥቅሞቻቸው አንዱ የተማሪ መለማመጃ መሆን ሆነ።

* * *

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። በዚህ ሥርዓት ላይ ሊቀርብ የሚችለው ክስ ሦስት ራስ አለው።

የመጀመሪያው፣ ጀማሪው ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው ኪስ መሆኑ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው የሃያ ዓመት ልምድ ያለውን ባለሙያ ቢሮ ያንኳኳል። የሌለው ወደ ሰፈር ክሊኒክ ሄዶ ወረፋ ይይዛል፤ ወረፋው ሲደርስም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ተማሪ ነው። ማንም ተንኮል አላሰበም። ተማሪው የሚመደበው ተማሪ ወደሚቀበል ድርጅት ነው፤ ተማሪ የሚቀበለውም የሰው ኃይል ያነሰው ድርጅት ነው፤ የሰው ኃይል የሚያንሰውም ድኻ የሚያገለግል ድርጅት ነው። ሰንሰለቱን ማንም ክፉ ሰው አልሠራውም፤ የሚያርፈው ግን ሁልጊዜ በየቲሙ ራስ ላይ ነው።

ሁለተኛው መለየት ነው። የትምህርት ዘመኑ መስከረም አካባቢ ተጀምሮ በግንቦት ያበቃል። የሰው ሐዘን ግን የትምህርት ካላንደር አያውቅም። ባለጉዳዩ ስድስት ወር ፈጅቶ፣ አፉን አሟሽቶ፣ ዋናውን ነገር ሊናገር ሲል «በሚቀጥለው ወር ልምምዴን እጨርሳለሁ» ይባላል። በመስከረም አዲስ ፊት ይመጣል። «እስቲ ስለ ልጅነትዎ ይንገሩኝ» ይላል። በልጅነቱ እናቱ ጥላው የሄደች፣ ከአንድ አሳዳጊ ወደ ሌላ አሳዳጊ ሲተላለፍ ያደገ ሰው በዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ፣ ክሊኒኩ በየዓመቱ የሚደግምለት ያንኑ የቆሰለበትን ነገር ነው። በተጎዳበት መድኃኒት ያክሙታል ማለት ነው።

ሦስተኛው እውነት የመናገር ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የሶሻል ወርከሮች ብሔራዊ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ አገልግሎቱን የሚሰጠው ተማሪ ሲሆን ባለጉዳዮች እንዲያውቁት የሙያ አስተማሪዎች ተገቢውን ሁሉ ጥረት ማድረግ አለባቸው ይላል። ደንቡ ግልጽ ነው። ነገር ግን ደንብን በቃል መፈጸምና በመንፈስ መፈጸም ይለያያሉ። «ኢንተርን ነኝ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ባለጉዳዩ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ መረዳቱ ሌላ ነገር ነው። ደግሞስ የሰፈር ክሊኒክ ወረፋ ስድስት ሳምንት የጠበቀ ሰው «ተማሪ አልፈልግም» ቢል ወዴት ይሄዳል? አማራጭ የሌለው ፈቃድ ፈቃድ ይባላል ወይ? ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ሰውን የራስህ ግብ መሣሪያ ብቻ አድርገህ አትጠቀምበት ይላል። ተማሪው 900 ሰዓቱን ሲቆጥር፣ እያንዳንዱ ሰዓት የአንድ ሰው እንባ መሆኑን እንዲያስታውስ የሚያስገድደው ምንድን ነው?

* * *

ክሱ ጠንካራ ነው። ይሁን እንጂ ተከሳሹም ይናገር።

አንደኛ፣ ዛሬ ሽበቱን የምናከብርለት ባለሙያ ሁሉ ትናንት ጀማሪ ነበር። ጀማሪን የሚያግድ ማኅበረሰብ ከአንድ ትውልድ በኋላ ባለሙያ አይኖረውም። ወንዝ ሳይገባ ዋና የተማረ ሰው አልታየም። ተማሪው ባይመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ነባር ባለሙያ አይደለም፤ የሚመጣ ማንም የለም። ባዶ ወንበር ከጀማሪ ይሻላል የሚል ካለ፣ በዚያ ወረፋ ላይ ቆሞ ይንገረን።

ሁለተኛ፣ በዚህ ሙያ ልምድና ፈውስ እንደምናስበው አንድ ላይ አይሄዱም። በ1979 ሐንስ ስትረፕና ሱዛን ሃድሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። በጭንቀትና በድብርት የተያዙ የኮሌጅ ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን ልምድ ላላቸው ቴራፒስቶች፣ ሌላውን ወገን በሰው አቀራረባቸው ለተወደሱ፣ ነገር ግን የሙያው ሥልጠና ለሌላቸው የኮሌጅ መምህራን ሰጡ። በአማካይ የሁለቱ ወገኖች መሻሻል ብዙም አልተለያየም። ጥናቱ የጠና ሕመም ያለባቸውን አልነካም፤ «ሥልጠና ከንቱ ነው» ለማለትም አይበቃም። ግን አንድ ነገር ያስተምረናል፤ የሚያደምጥ ሰው፣ የሚያከብር ሰው፣ ሳይቸኩል የሚቀመጥ ሰው በራሱ መድኃኒት አለበት። ጀማሪው ደግሞ ይህ አይጎድለውም። እንዲያውም ነባሩ መቶ ጊዜ የሰማው ታሪክ ለጀማሪው የመጀመሪያው ነው። ነባሩ ሰዓቱን ሲያይ ጀማሪው ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብላት ያድራል። በሳምንት አራት አምስት ባለጉዳይ ብቻ ይዞ በእያንዳንዱ ላይ ከአስተማሪው ጋር ሲመካከር የሚውል ተማሪ፣ በቀን ስምንት ሰው ከሚያይ የደከመ ባለሙያ ይሻል ይሆናል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ልማድ ጣልቃ ይገባል። እኛ ዘንድ የልብ ጉዳይ ለልጅ አይነገርም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ኃጢአት ለንስሐ አባት ይነገራል፤ ወጣት ይታዘዛል እንጂ አይመክርም። ሽምግልናንስ ቢሆን ማን ያስተምራል? ሽማግሌ የሚሆነው ሰው ለዓመታት ከሽማግሌዎች አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ አፉን ዘግቶ፣ ጆሮውን ከፍቶ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ከሚኖሩት በርካታ ወገኖቻችን መካከል አንዲት እናት በድብርት ተይዘው ወደ ክሊኒክ ሄዱ እንበል። ከፊታቸው የልጅ ልጃቸው እኩያ የሆነች ተማሪ ትቀመጣለች። «ልጄ፣ አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?» ቢሉ ይፈረድባቸዋል? አይፈረድም። ግን እሳቸው «ልጄ» ባሉበት ቅጽበት ሌላ በርም ይከፈታል። ተማሪዋ አዋቂ መስላ መቅረብዋን ትታ «እማማ፣ እኔ ገና እየተማርኩ ነው፤ እርስዎ ያስተምሩኛል፣ እኔ ደግሞ አብሬዎት አስባለሁ» ብትል፣ ወንበሩ ይገለበጣል። ታካሚዋ መምህር ይሆናሉ። ክብራቸውን ክሊኒኩ በር ላይ ጥለው አይገቡም።

በዚምባብዌ የሆነውም ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለው የአእምሮ ሐኪም በ2006 በሐራሬ፣ ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪም ከመጠበቅ ይልቅ፣ የሰፈር አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ በእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። በ2016 የታተመው ጥናት በአያቶቹ የተመከሩት ሰዎች ጭንቀትና ድብርት ከተለመደው እንክብካቤ በተሻለ እንደቀለለላቸው አሳየ። አያቶቹ በትምህርት ጀማሪዎች ነበሩ፤ በኑሮ ግን ጀማሪዎች አልነበሩም። ደግሞም ግንቦት ሲመጣ ጥለው አይሄዱም፤ ሰፈሩ ሰፈራቸው ነው።

የእኛም ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም። የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ በ1959 ተከፍቶ፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ ቆይቶ፣ በ2004 በማስትሬት ደረጃ ተመልሷል። የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረውም በ2003 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሐኪሞቻችን ልምዳቸውን የቀሰሙት በባሕር ማዶ በሽተኞች ላይ ነበር። አሁን ተማሪዎቻችን በገዛ ወገናቸው ቁስል ይማራሉ። ስለዚህ የአሜሪካው ጥያቄ ነገ ለኛም ጥያቄ ነው ማለት አያስፈልግም፤ ዛሬ ነው።

* * *

እስካሁን የተናገርነው ስለ ባለጉዳዩ ነው። ከጠረጴዛው ወዲያ ስላለው ድኻስ?

በአሜሪካ ከመስክ ልምምዱ አብዛኛው ክፍያ የለውም። ተማሪው ሥራውን እየሠራ፣ ለዚያ ለሚሠራው ሥራ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍያ ይከፍላል። ኪራይ አለ፤ ትራንስፖርት አለ፤ ልጅ ያላትም አለች። ያለፉት ጥቂት ዓመታት ተማሪዎቹ «ለልምምዱ ክፈሉን» እያሉ በየዩኒቨርሲቲው መደራጀት ጀምረዋል። ተማሪው 1000 ሰዓት በመስክ በሚያሳልፍባት አውስትራሊያ መንግሥት ጥያቄውን ሰምቶ፣ በ2024 ባስታወቀው መሠረት ከጁላይ 2025 ጀምሮ አቅማቸው ለማይፈቅድ የሶሻል ወርክ፣ የነርስነት፣ የአዋላጅነትና የመምህርነት ተማሪዎች በልምምድ ሳምንታቸው ድጎማ መክፈል ጀምሯል።

«እኛ ዘንድ የቆሎ ተማሪ ለምኖ እየበላ ይማር የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ተምሯል። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። የቆሎ ተማሪውን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያበላዋል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የሚሰጠው ገበሬ ትምህርቱ የሁሉም መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ያለ ክፍያ የሚለማመደው ተማሪ ግን የሚበላው ከራሱ ዕዳ ነው።

ይህ የተማሪው የግል ችግር ብቻ ቢሆን ባላነሣሁት። ውጤቱ ግን ወደ ባለጉዳዩ ይመለሳል። ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ መሥራት የሚችለው ማን ነው? ቤተሰቡ የሚደግፈው ነው። በሰፈር ክሊኒክ ወረፋ ይዞ ያደገ፣ የመባረርን ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ የእናትን የሌሊት ሥራ፣ የአባትን መጠጥ በኑሮው የሚያውቅ ልጅ ብዙ ጊዜ መንገዱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ድኻውን የሚያደምጠው ድኽነትን በመጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ይሆናል። በዚህ ስሌት ቤርታ ፓፕንሃይምም ሀብታም ቤተሰብ ባይኖራት ኖሮ ከታካሚነት ወደ ረዳትነት የሚያሻግራት ድልድይ ባላገኘች ነበር።

* * *

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ጀማሪ በሰው ቁስል መማሩ በራሱ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው የተማረው ሰው ብድር እንዳለበት ሲረሳ ነው።

በተለምዶ የምናስበው እንዲህ ነው፤ ረጂው ይሰጣል፣ ተረጂው ይቀበላል፤ ምስጋናውም ከተረጂ ወደ ረጂ ይሄዳል። በልምምድ ክፍሉ ውስጥ ግን ይህ ስሌት አይሠራም። እዚያ ሁለት ሰዎች ይቀባበላሉ። ተማሪው ጆሮውንና ጊዜውን ይሰጣል። ባለጉዳዩ ደግሞ ሕይወቱን ለማስተማሪያነት ይሰጣል። ተማሪው ዲግሪውን ሲጨብጥ ከዲግሪው ላይ የፕሬዚዳንቱና የዲኑ ፊርማ አለ፤ የአስተማሩት ባለጉዳዮች ፊርማ የለም። ባይጻፍም ግን አለ።

ይህ ብድር እንዴት ይከፈላል? አንደኛው በእውነት ነው። «ተማሪ ነኝ፤ በግንቦት እሄዳለሁ፤ ከጀርባዬ የሚመክረኝ ሰው አለ፤ ባይፈልጉ ቅር አይለኝም» የሚለው ቃል በመጀመሪያው ቀን በሚገባ ቋንቋ ይነገር። ሁለተኛው በመለያየት አያያዝ ነው። ተማሪው ሲሄድ ተተኪው አስቀድሞ ገብቶ ሦስቱ አብረው ቢቀመጡ፣ ወይም መለየት የሚያቆስላቸውን ሰዎች ከመጀመሪያው ነባሩ ባለሙያ ቢይዝ፣ ወጪው ብዙ አይደለም። ሦስተኛው፣ ዕጣውን ማካፈል ነው። ጀማሪ ለድኻ ብቻ ለምን ይደርሳል? የከፈለም ሰው አንዳንዴ ጀማሪ ይድረሰው፤ ያልከፈለም ሰው አንዳንዴ ሊቅ ይድረሰው። በ1920ዎቹ በቪየና የነበሩት ነባር የሥነ ልቦና ሐኪሞች ከጊዜያቸው ከፍለው በነጻ ለማከም ሞክረው ነበር፤ ያልታየ ነገር አይደለም። አራተኛው፣ የሚማረውን ማብላት ነው።

አምስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ የሚጠየቀውም ከአንድ ሰው ህሊና ነውና። ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ራሱን ችሎ ለመሥራት ተጨማሪ ዓመታት በነባር ሥር ሆኖ ይሠራል። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ 3000 ሰዓት ይጠበቅበታል። ያንንም በአብዛኛው የሚሞላው በሰፈር ክሊኒኮች ነው። ፈቃዱን ሲይዝ ግን ብዙው የራሱን ቢሮ ይከፍትና የሚከፍለውን ይቀበላል። ማለትም ገና ሳያውቅ የነበረበትን ዘመን ለድኻው ሰጥቶ፣ ያወቀበትን ዘመን ለባለጠጋው ይሰጣል። ሕግ አልጣሰም፤ ልጆች ማሳደግ አለበት፤ ማንም ድንጋይ ሊወረውርበት አይችልም። ግን የመጀመሪያዋን ባለጉዳይ ስም አይረሳም። በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ ሁለት ሰዓት እንኳ ቢሆን፣ ወደዚያ ሰፈር ቢመለስ፣ ምጽዋት ሰጠ አይባልም፤ ዕዳ ከፈለ ይባላል።

ፀጉር ቆራጩም እንዲሁ ነው። በየቲሙ ራስ መጀመሩን ማንም ላይከለክለው ይችላል። እጁ ከጸና በኋላ ያንን ልጅ ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል ወይስ «ወረፋ ያዝ» ይለዋል? የሰውየው ማንነት የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው።